ለእናቱ ሰማይ የከፈተ ልጅ

ኧረ ፌሊዝቤላ! ነይ ውጪ፣ ነይ። ደረጃው እርጥብ ነው፣ ግድግዳውን ያዝ እያደረግሽ... እንዲያ። ልብስሽን ከወዲያኛው ጥግ ብታሰጪው ይሻላል፤ እዚህ ኖራ ይረጭበታል። እኔማ እንደምታዪኝ ነኝ። ባልዲ፣ ብሩሽ፣ የሟቹ ባሌ ባርኔጣ። የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ደረሰ፤ ጀልባዎቹ አጊጠው ሲገቡ ከባሕሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የኛ ሰገነት፣ ይሄ ጠፍጣፋው ጣሪያችን አይደል? ጠቁሮ ቢያዩት ዓሣ አጥማጆቹ ምን ይላሉ? "የዚያ ሰፈር ሴቶች አልቀዋል እንዴ?" ይላሉ። አላለቅንም። ያለቀው ጉልበታችን ነው፤ ምላሳችን ገና ነው።

ያንቺስ ጉልበት እንዴት ሰነበተ? የልጅ ልጅሽ ጥርስ አወጣች አሉ። እሰይ! ጥርስ ያለው ይናከሳል፣ ጥርስ የሌለው እንደ እኔ ያወራል። ሁሉም በጸጋው ነው።

ነፋሱ ዛሬ ከምሥራቅ ነው። እንዲህ ሲነፍስ ሰርዲኑ ይሸሻል፣ ወተቱ ይበላሻል፣ ባልና ሚስት ያለ ምክንያት ይጣላሉ። እኔ ቤቴን ከማለዳ ጀምሬ ዘግቼዋለሁ፤ የእንጨት መዝጊያውን ሁሉ ጥርቅም! በዚህ አገር በበጋ ቤት የሚዘጋው ሌባ ተፈርቶ ነው እንዴ? ፀሐይ ተፈርታ እንጂ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ፀሐይ እንግዳ ናት፤ ደጅ አስተናግጃት፣ መኝታ ቤት ግን አታስገቢያት" ትል ነበር። ምን ታድርግ፣ ያልተማረች ሴት ነበረች።

ድምፄን ከፍ አደረግሁብሽ እንዴ? ይቅርታ፣ ነፋሱ ስለሚወስደው ነው። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረኛል? እዚህ ያለነው አንቺና እኔ ብቻ ነን። ከታች የሚንኳኳው? እሱ ምንም አይደል። የጣሪያው መስኮት ሞተር እየተጠገነ ነው። ያቺ መስታወት፣ ያቺውልሽ እግርሽ ሥር ያለችው፣ መዳፍ በምታህል ክፍተት ተገትራ ቀርታለች፤ የታቹ ድምፅ በእሷ በኩል ይወጣል። የላዩ ድምፅ ወደ ታች ይግባ አይግባ... እኔ በምን አውቄው? እኔ የኖራ ሴት ነኝ። የመስታወት ነገር የተማሩ ሰዎች ጉዳይ ነው።

ይሄ ሰገነት የኔ እንዳልሆነማ አውቃለሁ፤ የጎረቤቴ ነው። የኔ ከዚያች አጭር ግንብ ወዲህ ያለው ነው፤ እሱን ጠዋት ጨረስሁት። አንቺ ከታቪራ ከተማ ወደ ሰፈራችን ከገባሽ ገና ሁለተኛ በጋሽ ስለሆነ ልማዱን አላወቅሽው ይሆናል። እኛ ጋ ደረጃ መውጣት ያቃታትን ሴት ሰገነቷን ጎረቤቷ ትቀባላታለች። ማንም አይለምናት፣ ማንም አያመሰግናት። የሚጠበቅባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ ያልሆነ ነገር ላዩ ላይ ሳታስቀር መውረድ። የጭስ ማውጫውንም፣ የውሃ መውረጃውንም፣ የተረሳ ሸክላ ካለም እሱንም። ጥቁር ነጥብ ትታ የወረደች ሴት ስሟ ዓመቱን ሙሉ ይነሣል። ሟች ዴኦሊንዳ እንዲያውም አንድ ጊዜ የተኛ ድመት ጭራ ቀብታ ወርዳለች። ድመቱም ምንም አላለ። ልማዱን ያውቃል።

እና... ሰማሁ ደግሞ! ወጥ ቤትሽ ጨለመ ብለሽ ጣሪያሽ ላይ መስኮት ልታስገቢ ነው አሉ። እሰይ! ብርሃን ማን ይጠላል? የትኛውን ልምረጥ፣ ወዴት ላዙረው፣ በምን ላስረው ብለሽ ስትጨነቂ ከረምሽ አሉኝ። አይ አንቺ! ለዚህ ነው የምትጨነቂው? ምሁሩ እኮ ከደጃችን ናቸው። ምን ከደጃችን... ከእግራችን ሥር በይው።

ስም አልጠራም። ሰው በስሙ ሲመሰገን ይኮራል፣ ኩራት ደግሞ ኃጢአት ነው፤ እኔ በሰው ኃጢአት አልገባም። "እሳቸው" ነው የምላቸው። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያረጀ ሰው "አንተ" ይባላል፤ ዕድሜውን ሉክሰምበርግ ጨርሶ በጡረታ የተመለሰ ሰው ግን "እሳቸው" ካልተባለ ምኑን ሄደው? እዚያ አገር ፀሐይ እንደ ጳጳስ ናት ይባላል። በዓመት አንዴ ትመጣለች፣ ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ይቀበላታል፣ ትባርካቸውና ደመናው አጅቦ ይመልሳታል። እንግዲህ ፀሐይን እንዲህ አክብሮ የኖረ ሰው ነው የመጣልን። እኛ በየቀኑ ስለምናያት ንቀናታል።

የተመለሱ ጊዜ መኪናቸው ጣሪያ ላይ አስረው ያመጡት ምን ነበር መሰለሽ? ሌላው ቸኮሌት ያመጣል፣ ሌላው ብርድ ልብስ ያመጣል። እሳቸው መስኮት! ፈረንሳይን አቋርጠው፣ እስፓንያን አቋርጠው፣ መስኮት ተሸክመው። "ለእናቴ ነው" አሉ፤ ለዚህ ሰገነት ባለቤት። እኔ ሞኟ ጠየቅኋቸው፣ "እዚህ እኛ ጋ መስኮት የሚሸጥ ጠፍቶ ነው?" ብዬ። "እትዬ ዙልሚራ" አሉኝ፣ "ይሄኛው እኮ በበረዶ የተፈተነ ነው።" ልቤ እርፍ አለ! በዚህ ሰፈር በረዶ ሲወርድ እኔ አላየሁም፣ እናቴም አላየች፣ አያቴም አላየች። ግን አይታወቅም። አንድ ቀን ቢመጣ የሚድኑት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሲያስገቡትም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ምን ያልተማርሁት አለ! "ወደ ሰሜን ቢዞር አይሻልም? በሰሜን በኩል የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው ይባላል" አልኋቸው። "እትዬ ዙልሚራ፣ ሰሜንን የማውቀው እኔ ነኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ኖረውበታል። እና ወደ ደቡብ አዘነበሉት፤ ፀሐይ ስትመጣ ቤቱ እንዳይጠፋባት። የታችኛውን ጠርዙን ደግሞ ከሰገነቱ ወለል ጋር እኩል አደረጉት። "ትንሽ ከፍ ቢል? የዝናቡ ውሃ እኮ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው በዚሁ ነው" አልሁ። ልኬታቸውን ቀጠሉ። ትልቅ ሰው ለሁሉም አይመልስም። ለውሃውስ ቢሆን ምን አለበት? ስንት ዘመን ቤቱን ከውጭ ሲዞር ኖሮ አንድ ቀን ገብቶ ቢያየው?

ብሎኑን አነሣሁና "ይሄ የማይዝገው ዓይነት ነው?" አልሁ። "ብረት ብረት ነው" አሉኝ። ጨውም ጨው ነው፣ እኔ ግን አላልሁም። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የኛ ባሕር ጨው ግን ለራሱ ሲል ብሎን ይበላል። መጀመሪያ ብሎኑን በላ፣ ከዚያ መታጠፊያውን፣ ከዚያ ያን በሪሞት የሚንቀሳቀሰውን ሞተር። አሁን እንደምታዪው ነው። አይዘጋ፣ አይከፈት። እንደ አንዳንድ ሰው ልብ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ጠየቅሁ፤ ሞኝ ጥያቄ አያልቅበትም። "ከውጭ በኩል ሸራ ቢጤ አይንጠለጠልለትም? በበጋ ጥላ እንዲሆነው?" አልኋቸው። ሳቁብኝ ፌሊዝቤላ። ከልባቸው ሳቁ። "ብርሃን ከዚያ ድረስ አምጥቼ ልሸፍነው?" አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

እ? ምን ወደቀ? መፍቻ ነው መሰለኝ። ከታች ነው፣ ተይው። በዚህ ሙቀት የሰው እጅ ያልባል፣ ብረት ይንሸራተታል።

የት አደረጉት መሰለሽ? ሳሎን ላይ? ኮሪደር ላይ? አልተማርሽም እንዴ! ልክ ከእናታቸው አልጋ በላይ፣ በትራሱ አቅጣጫ። "እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ ሰማይ ታይ" ብለው። አያስለቅስም? የኛ ልጆች ሰማይ የሚያሳዩን ስንሞት ነው። እሷ በሕይወት ሳለች አየችው።

አሁንስ "እሳቸው" ማለት ደከመኝ። በዚሁ ሰገነት ላይ ሱሪ ሳይታጠቅ ሲሮጥ ያየሁትን ልጅ! ለስጥ ያወጣሁትን በለስ እየሰረቀ ሲበላ፣ እኔ ስቆጣ እናቱ ቀሚስ ሥር ሲደበቅ... እሷም "ልጄ አይደለም፣ የባሕር ወፍ ነው የበላው" ብላ ስትምልልኝ። በቅዱሳኑ ሁሉ ነው የማለችው። ያን ጊዜ ጥላው እናቱ ነበረች።

ወፍ ካነሣን... የባሕር ወፎቹ መስታወቱን ወደውታል። ማለዳ ማለዳ ላዩ ላይ ይራመዱበታል፤ እሷ ከታች ሆና እግራቸውን ታያለች። ሌላም ጥቅም አለው። መጀመሪያ ሰሞን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ዝቅ ብል ከእናቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በሌሊት ልብሷ እንዳለች፣ ከአልጋዋ ሳትነሣ "እንደምን አደርሽ ዙልሚራ" አለችኝ። በር ሳያንኳኩ፣ ደረጃ ሳይወርዱ ጎረቤት መጠየቅ... ይሄ ሥልጣኔ ካልሆነ ሥልጣኔ ምንድነው? ከዚያ ወዲህ ልብሷን የምትቀይረው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ነው። ቁም ሣጥኑም ሰፊ ነው፤ እግዜር ያውቃል ለምን እንደሰጣት።

የኅዳሩ ዝናብ የመጣ ጊዜማ በረከት ነበር። ቀድሞ ውሃ ለመቅዳት ወደ ጓሮው ጉድጓድ መሄድ ነበረባት። አሁን ድስቱን አልጋው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በበጋ ደግሞ በለሱን ወደ ላይ ማውጣት ቀረ፤ ትራሱ ላይ ብትዘረጋው በሁለት ቀን ይደርቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚያች መስታወት ሥር ያስቀመጥሽው እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ ይጠበሳል። እኔ አልሞከርሁም። እሷ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

ለልጇ አንዲት ቃል ተናግራ እንዳይመስልሽ! እኔ ነኝ የማውቃት። "ሞቀኝ" አትልም። ከዚያ ድረስ ተሸክሞ ያመጣውን? ይልቅ መላ ፈጠረች። የለቅሶ ጃንጥላዋ አለ፣ ያ ጥቁሩ፣ ባሏ ሲቀበር የያዘችው። እሱን አልጋው ራስጌ ላይ አሰረችው። በቀትር ጋደም ስትል ትዘረጋዋለች፣ ሥሩ ትተኛለች። ቅዝቃዜው እምብዛም ነው፣ ግን ዓይን ያሳርፋል። በዝናብም ያገለግላል፤ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ወቅት።

ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ይሉ የለ? ይሄው ፀሐይ ሞቃት፣ አገር አወቀላት፤ ሳይሰማ የቀረው ልጇ ብቻ ነው። እሱ ምን ያድርግ? የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፣ የባሕሩ ነፋስ ሲገባ፣ ብርሃኑ ወርቅ ሲሆን። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና ወደ ላይ እያየ "ግሩም ነው እማዬ፣ አይደል?" ይላታል። "ግሩም ነው ልጄ" ትለዋለች። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱን አይተሽዋል? ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ የሠራውን? ግድግዳው ይሄን ያህል ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ መዝጊያው ከማለዳ እስከ ማታ ዝግ፤ ስትገቢ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ላይ አንዲትም መስታወት የለችም። አንዲትም! ሁሉንም ለእናቱ! ለራሱ ሳያስቀር የሚሰጥ እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል?

ልጆቹም እሱን ነው የመሰሉት። ትልቋ ባለፈው ነሐሴ ለዕረፍት መጥታ አያቷን መስታወቱ ሥር አስተኝታ በስልኳ ቀረጸቻት። "አባዬ፣ አንተም ስታረጅ እንዲህ አደርግልሃለሁ" አለችው። ሳቀ። እንዴት ደስ እንዳለው ብታዪ!

ታዲያ ጃንጥላውን አየዋ። ባለፈው ሳምንት ሳይታሰብ በቀትር ብቅ ቢል እናቱ ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ በጠራ ሰማይ፣ ጃንጥላ ዘርግታ ተኝታለች። ምን ይበል? አስተዋይ ሰው ነው፣ መረመረ። እጇን ያዘ፣ ዓይኗን አየ፣ "ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ብሎ ጠየቃት። "ማክሰኞ" አለችው። ማክሰኞ ነበር። ግን ልቡ አላረፈም። ወጥቶ እኔን በር ላይ አገኘኝና፣ "እትዬ ዙልሚራ፣ እናቴ አእምሮዋ እየሄደ ነው። ቤት ውስጥ ጃንጥላ የምትዘረጋ ሴት ብቻዋን መኖር አትችልም" አለኝ።

አየሽ ጥንቃቄውን? ከአልጋው በላይ ያለውን ሁሉ ተወና ከአንገቷ በላይ ያለውን መረመረ። አሁን ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ነው። ከዚያም ተራራው ሥር፣ የቡሽ ዛፎቹ መካከል አንድ የአረጋውያን ቤት አለ አሉ፤ አልጋ ጠይቆላታል። ጥሩ ቤት ነው ይላሉ። ባሕር አይታይም፣ ጀልባ አይሰማም፣ የምታውቀው ሰው የለም፤ ግን ጣሪያው ድፍን ነው! ከመስታወቱ ለማምለጥ ሌላ መንገድ ስለሌለ ይሆናል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ እንስቅ ነበር። ዛሬ ወንድ ልጅ ለእናቱ ፀሐይ ያስተምራል፣ ትምህርቱ አልገባት ሲል አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባታል።

ምነው ፌሊዝቤላ? ኖራው ዓይንሽ ገባ እንዴ? በእጅሽ አትሺው።

አይዞሽ፣ አሁን ደህና ናት። እኔ ቤት ናት። መጀመሪያ ነጠላ ጫማዋ መጣ። "እዚህ ይቀመጥልኝ፣ ለቀትር" አለችኝ። በማግሥቱ ትራሷ መጣ። ከዚያ የምታሳድጋት ወፍ ከነሽቦ ቤቷ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ መዝጊያው ተዘግቶ፣ በጨለማ፣ እንደ ሕፃን እያንኮራፋች ነው። ከታች ያለው ጠጋኝ ከመጣ ጀምሮ "እናቴ የት ናት?" ብሎ አልጠየቀም። ሥራ ላይ ነዋ! ሥራ ላይ ያለ ሰው እናቱን አይጠይቅም።

ዛሬ ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ስነሣ ጠራችኝ። "ዙልሚራ" አለችኝ። "አቤት" አልኋት። "ዘንድሮ ሰገነቴን ስትቀቢ ብዙ አትጠንቀቂ።" ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ታውቂኛለሽ፣ ነገር ቶሎ አይገባኝም። "ዓይንሽ እየደከመ እንደሆነ አውቃለሁ" አለችኝ ጨምራ። ዓይኔማ ከዚህ ሆኖ ደሴቱ ላይ ያለውን የመብራት ማማ መስኮት ይቆጥራል። ግን ትልቅ ሰው ደከመ ካለኝ... ይድከም። ቃሏን አላጥፍም።

እስቲ ወዲህ ፈቀቅ በዪልኝ። ይሄን ጥግ ልጨርስ። የጭስ ማውጫው... እንዲህ። የውሃ መውረጃው... እንዲህ። አሁን ይሄ... ቆይ፣ ቆይ። ከታች ምን አየሁ?

ነይማ እዪ። አይ፣ ተዪ፣ አትጠጊ፤ የሰው መኝታ ቤት አይታይም። እኔም አላየሁም። ብሩሼን ስነክር ዓይኔ ነው የወደቀብኝ። ስም አልጠራም። ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ ጡረታ የወጡ፣ አገር ያዩ፣ መሰላል ላይ ቁጭ ብለዋል። ሸሚዛቸውን ከውሃ ያወጣሽው ይመስላል። ፊታቸው እንደ ተቀቀለ ሸርጣን። በቀኝ እጃቸው መፍቻ ይዘዋል። በግራ ትከሻቸውና በአንገታቸው መካከል ደግሞ... ወይ ጉድ... ጥቁር ጃንጥላ። የተዘረጋ!

ቤት ውስጥ። በጠራ ሰማይ።

አይ! አይ! አትሳቂ ፌሊዝቤላ፣ ነውር ነው። የሰው አእምሮ ይሳቅበታል? በዚህ ዕድሜያቸው! ቀኑን ልጠይቃቸው ይሆን? ሐሙስስ ሐኪሙ ሁለቱን በአንድ ላይ ያይ ይሆን፣ ወይስ ለእያንዳንዳቸው ተራ ያስፈልጋል? የቡሽ ዛፎቹ ሥር ያለው ቤት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅላቸው ሰው ቢገኝ... እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቢሆኑ ያምራል።

ማንኳኳቱ ቆመ። ሰማሽ? ... ነፋሱ ነው።

እንግዲህ ዓይኔ ደክሟል ተብያለሁ፤ ሥራዬን ልሥራ። ይሄ ነጭ ያልሆነ ነገር ምንድነው? ሸክላ ነው? ድመት ነው? ምን አውቃለሁ። ብቻ ጥቁር ነጥብ ትቼ ብወርድ ስሜ ይነሣል። ይሄው... አንዴ። ይሄው... ደግሞ። አቤት እንዴት ይቀበላል መስታወት! ከግንብ ይሻላል። ከከተማው ውጭ ቲማቲም የሚያለሙት ሰዎች የመስታወት ቤታቸውን ጣሪያ በየበጋው እንዲህ ኖራ ይቀቡት የለ? ቲማቲሙ እንዳይቀቀል ብለው። ለቲማቲም እንዲህ ይታሰባል። እናት ግን ቲማቲም አይደለችም፤ እናት ትችላለች። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ራሱ ያጥበዋል፤ ብርሃኑ በሚፈለግበት ወቅት ብርሃኗን ታገኛለች። "ብርሃን አምጥቼ ልሸፍነው?" ብሎ የሳቀ ሰው ነበር... ማን ነበር? ረሳሁት። አእምሮዬ እየሄደ ነው መሰለኝ።

ጨረስሁ። ነጭ በነጭ። ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ከሰማይ ሆኖ ቢያይ ከሰገነቱ አይለየውም።

እሽሽ... ስሚ እስቲ። "ጨፍ" የሚል ድምፅ አልሰማሽም? ጃንጥላ ሲታጠፍ እንዲያ ነው የሚለው። እሰይ። ቀዘቀዘላቸው። እንግዲህ እናቱ ማታ አልጋዋ ላይ ብትመለስ፣ ሐሙስ ደግሞ ሐኪሙ "ጃንጥላው የታለ?" ቢል፣ ምን ሊያሳዩት ነው? ሐኪም ጋ መሄዱም ይቀር ይሆናል። የቡሽ ዛፉ ቤት አልጋም ለሌላ ዕድለኛ ይተርፍ ይሆናል። ካልተረፈም፣ ያየሁትን ለሐኪሙ መመስከር አያቅተኝም፤ ስም ግን አልጠራም።

አንቺም መስኮትሽን አስገቢ፣ ተዪ አትፍሪ። ብርሃን መልካም ነገር ነው፤ እኔ እንዲያውም ለራሴ ወጥ ቤት እያሰብሁ ነው። መማር ከፈለግሽ ከታች ካሉት የበለጠ አስተማሪ የለም። ያደረጉትን አንድ በአንድ ተከተዪና ገልብጪው። ደቡብ ያሉትን ሰሜን በዪው፣ ዝቅ ያደረጉትን ከፍ አድርጊው፣ ተራ ብረት ባሉበት የማይዝገውን እሰሪበት፣ ከላይ ሸራ ዘርጊለት፣ ከአልጋ አርቂው። እንዲህ ሁሉን ነገር በሰው ላይ ሞክሮ የሚያሳይ መምህር በየሰፈሩ አይገኝም። ምስጋና ይገባዋል።

ደግሞም ምርቃት ይገባዋል። ሰገነት ተቀብቶ ሲያልቅ ለባለቤቱ ሳይመረቅ አይወረድም፣ ደንባችን ነው። ባልዲውን ያዥልኝ፣ እጄን ወደ ላይ ላንሣ። አንቺ አሜን በዪ። ከታችም አሜን የሚል ካለ አልጠላም፤ ነፋሱ ወደዚያ ነው፣ ይሰማል።

ለእናቱ ሰማይ የከፈተ ልጅ ዕድሜው ይርዘም። ፀጉሩ እንደዚህ ሰገነት ይንጣ። ብርሃን ከራሱ ላይ አይለየው። ልጆቹ ከሉክሰምበርግ ድረስ መጥተው ይጡሩት፤ ሲደክም አልጋውን በገዛ እጃቸው ያንጥፉለት፣ ጣሪያውን በገዛ ዓይናቸው ይምረጡለት። እሱ ለእናቱ ያደረገላትን ሁሉ፣ አንዲት ሳያጎድሉ፣ ያድርጉለት።